ዐሥር ሰርግ፣ ሦስት ባትሪ

ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ
የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድም ዓለም ነብዩ፣

ሰላምታዬ አንተም ሚስትህ እምነትም ልጆቹም ባላችሁበት ይድረሳችሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሳል እንኳ የለኝም። ይህን ለወጉ ያህል የጻፍኩት እንዳይመስልህ፤ ባለፈው በስልክ «ድምፅሽ ደከመ» ብለህ ስላበሳጨኸኝ ነው። የደከመው ኔትወርኩ ነው።

ስለ መምጣቴ ከእንግዲህ በስልክ አናውራ ማለትህን ወድጄዋለሁ። በስልክ ስንጀምር ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ እንጯጯሃለን፣ ከዚያ መስመሩ ይቆረጣል፣ አንተ ደግሞ የዘጋሁብህ ይመስልሃል። ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ እየጻፈ ያሳደገን ሰው ልጆች ነንና በወረቀት እንከራከር። ኦቦ ባቻ አውቶቡሱን ይዞ በሳምንት ሁለት ጊዜ አዳማ ይመላለሳል፤ ደብዳቤ ማድረስ አይከብደውም።

እንግዲህ ለጥያቄህ መልሴ፦ አልመጣም። ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁበትን ፎቶ ቤት ዘግቼ አንተ ቤት የእንግዳ ክፍል ውስጥ የምቀመጥበት ምክንያት አልታየኝም። «ሰው ሁሉ በስልኩ እያነሳ ፎቶ ቤት ምን ይሠራል» ላልከው፣ ስልክ አይበርም። የእኔ ድሮን ይበርራል። በዚህ ከተማ ሰርጉን ከላይ ማየት የሚፈልግ ሁሉ የሚመጣው እኔ ጋ ነው።

«ያ አሮጌ ዕቃ እስከ መቼ» ብለሃል። ሰባት ዓመቱ ነው፤ የእሱ ዓይነት መሠራት ካቆመም ቆይቷል። ሦስት ባትሪዎች አሉት፤ በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጌባቸው ታላቅየው፣ መካከለኛውና ታናሹ እላቸዋለሁ። አዲስ ሳሉ እያንዳንዳቸው ሃያ ሦስት ደቂቃ ያበርሩት ነበር። አሁን ታናሹ ዐሥራ ስምንት፣ መካከለኛው ዐሥራ አምስት፣ ታላቅየው እንደ ቀኑ ነው። እኔም እንደ ቀኑ ነኝ፤ አምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እስካሁን ግን ትጣል ያለኝ የለም።

ስለዚህ እንወራረድ። እስከ ግንቦት መጨረሻ በዚህ ድሮን ዐሥር ሰርግ አነሳለሁ። ዐሥር ካልሞላ፣ ወይም አንዴ እንኳ ከሰማይ ከወደቀ፣ ፎቶ ቤቱን ዘግቼ አዳማ እመጣለሁ፤ አላጉረመርምም። ዐሥር ከሞላ ደግሞ «ነይ» የሚለውን ቃል ዳግመኛ ከአፍህ አልሰማም። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ነው። እኔ የወለድኩት የለኝም፤ ያሳደግኩት አንተን ነውና ተጠንቀቅ።

የመጀመሪያው ሰርግ ከነገ ወዲያ የቅበላ እሑድ ሲሬ ላይ ነው። ሦስቱንም ባትሪ መቶ በመቶ ሞልቼ ተዘጋጅቻለሁ።

እኅትህ ሸዋጌጥ


አዳማ
የካቲት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

እንደምን አለሽልኝ? ጾሙ እንዴት ይዞሻል? ልጆቹ አክስታችን መቼ ነው በድሮን የምትመጣው ይላሉ፤ ሰው እንደማይጭን ላስረዳቸው አልቻልኩም።

ውርርዱን ተቀብያለሁ። ምስክሯ እምነት ናት፤ «ታሸንፍሃለች» ብላ ከወዲሁ ከድታኛለች።

የሲሬው ሰርግ በሐዘን ምክንያት መተላለፉን ከኦቦ ባቻ ሰማሁ፤ የሙሽራዪቱን አያት ነፍስ ይማር። በጾም ሰርግ እንደማትሠሪ ደግሞ አውቃለሁ። እንግዲህ እስከ ፋሲካ ቁጥርሽ ዜሮ ነው፤ ልብ በዪልኝ።

ባለፈው በስልክ «እውነቱን ንገረኝ፣ ለምንድን ነው እንዲህ የምትጨቀጭቀኝ» ላልሽው፣ እውነቱ ፍርሃት ነው። ፎቶ ቤትሽ ስለከሰረ አይደለም፤ እንዳልከሰረ አውቃለሁ። እዚያ ብቻሽን ነሽ። መንገድ ይዘጋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ አንቺ ካሜራሽን አንግተሽ ገጠር ትወጫለሽ። ብትታመሚ ውሃ የሚያቀብልሽ ማን ነው? እናታችን ስትሞት ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እናቴ አንቺ ነሽ። ሁለተኛ እናት ማጣት አልችልም። ይኸው ጻፍኩት፤ በስልክ ብለው ኖሮ ትስቂብኝ ነበር።

ተወራራጅሽ ብሆንም ጠጋኝ ነኝና ምክር አልነፍግሽም። እንዲህ ያለ ባትሪ የሚጎዳው ሲሠራ ብቻ አይደለም፤ ሞልቶ ሲቀመጥም ነው። ሥራ ከሌለ ስልሳ በመቶ ላይ አውርደሽ ቀዝቃዛ ቦታ አኑሪው፤ በየሁለት በየሦስት ሳምንቱ አውጥተሽ ትንሽ አብርሪው። አደራ ሞልተሽ አታስቀምጫቸው። ለመሆኑ ስንት በመቶ ላይ ነው ያስቀመጥሻቸው? የትስ ነው ያሉት? በሚቀጥለው ደብዳቤሽ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ነብዩ


ነቀምቴ
መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድም ዓለም ነብዩ፣

የላክኸው መነጽር ደርሶኛል፤ ልክክ ብሏል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእምነት ሁለት ኪሎ የጉቶ ጊዳ ቡና በኦቦ ባቻ ልኬአለሁ፤ ተቆልቶ አይደለም፣ ራሷ ትቁላው።

ለጠየቅኸኝ ሁሉ መልሴ ይኸው። ጉልበቴ ደህና ነው። ጣሪያው አያፈስም። ጾሙ ቀሎኛል፤ በተለይ ዘንድሮ አጫዋች አግኝቻለሁ። ከፎቶ ቤቴ ጎን ጨርቅ የምትሸጠው ኑሪያ ረመዳን ላይ ናት፤ እሷም ተርባ እኔም ተርቤ በራችን ላይ እንቀመጥና አላፊ አግዳሚውን እናማለን። ቀኑ እንዴት እንደሚያልፍ አናውቀውም።

ስለ ፍርሃትህ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አልሳቅኩም። ግን ብቻዬን አይደለሁም፤ ይህን እንዴት እንደማሳይህ ነው ያላወቅኩት።

የከተማችን መርካቶ መንገድ እየተቆፈረ አቧራው አላስቀምጥ ብሎናል። የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን አጥር በአዲስ ድንጋይ እየተሠራ ነው። ሌላው ሁሉ ደህና ነው።

እኅትህ ሸዋጌጥ


አዳማ
መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

ስለ መነጽሩ ጻፍሽ፣ ስለ ጉልበትሽ ጻፍሽ፣ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ኑሪያ፣ ስለ አቧራው፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጻፍሽ። ስለ ባትሪዎቹ አንድ ቃል የለም። አባታችን «የሰውየው ጉዳይ ያለው ሳይነግረኝ ያለፈው ላይ ነው» ይል አልነበር?

ስንቱ አብጧል?

ያበጠውን እንዳትሞዪው። እንዳትወጊው፣ እንዳትጫኚው። ሸክላ ማሰሮ ውስጥ ደረቅ አሸዋ አድርጊና እዚያ ቀብረሽ ከቤት ውጭ፣ ዝናብና ፀሐይ ከማያገኘው ቦታ አኑሪው። ይህን ዛሬውኑ አድርጊ፤ መልሱን በኋላ ትጽፊልኛለሽ። ስለ ውርርዱ አታስቢ፤ እኔ ያሰብኩት ስለ እሳት ነው።

ነብዩ


ነቀምቴ
መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድም ዓለም፣

አንድ። መካከለኛው።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔ ደግሞ በስድስት ቀን አለቀ። አፍሬ ነው የደበቅኩህ። ሃያ ስድስት ዓመት ካሜራ ይዤ እንዲህ ያለ ስሕተት መሥራቴን ለታናሽ ወንድሜ መጻፍ ከበደኝ።

የሆነው እንዲህ ነው። የሲሬው ሰርግ መቅረቱን የሰማሁት የቅበላ ዕለት በጠዋት ነው። እቤት ተመለስኩና እንደ ወጉ የሥጋውን ድስት፣ የቅቤውን ጣሳ፣ ቢላዋውን ሁሉ በአመድ አሽቼ አጠብኩ፤ ለፋሲካ ላስቀምጣቸው። እጄ በዚያው ቀጠለ። ባትሪዎቹም ከፍስክ ዕቃው ተቆጠሩብኝ። አንድ በአንድ ወለወልኳቸው፤ ታላቅየው ትንሽ ጎድሎ ነበር፣ እሱንም እስከ አፉ ሞላሁት፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር፣ ከድስቱ ጎን ደረደርኳቸው። ለፋሲካ ሞልተው ይጠብቁኝ ብዬ ነው። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ያንተ ደብዳቤ ሲደርሰኝ «ሞልተሽ አታስቀምጫቸው» የሚለውን ቆሜ አነበብኩት። ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኳቸው። መካከለኛው ኩፍ እንዳለ ሊጥ ሆዱ ተነፍቷል። ታላቅየውና ታናሹ ቅርጻቸው ደህና ነው፤ ለክቼ ለክቼ ነው ያረጋገጥኩት። መካከለኛውን እንዳልከው አሸዋ ውስጥ ከትቼ ከጓሮ ዳስ ሥር አኑሬዋለሁ።

አሁን ደግሞ ደስ የሚልህን ስማ፤ ወይም የማይልህን። ኦቦ ቀነዓን ታስታውሰዋለህ፤ አባታችን የመሬት ክርክሩን ማመልከቻ ይጽፍለት የነበረው፣ የወንጌል አማኞቹ ሽማግሌ። ባለፈው ሳምንት መጣና ሰላም ብሎኝ «አዴ ሸዋጌጥ፣ አከም ጅርታ? የልጄ የኬኔ ሰርግ መጋቢት ሃያ ነው፤ ከላይ አንሽልኝ» አለኝ። ጾም ነው፣ በጾም ሰርግ አልሠራም አልኩት። ሰውየው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ጾሙ ያንቺ ነው። ሰርጉ የእኛ ነው። ድሮኑ የማን ነው?»

ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ ባትሪው ሳይሠራ ሲቀመጥ እየሞተብኝ እንደሆነ ነገርኳቸውና፣ በሌላው ሃይማኖት ሰርግ ላይ ብሠራ ጾሜን ያፈርስብኝ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ካሜራው ሥጋ ይበላል?» አሉኝ። አይበላም አልኳቸው። «እንግዲያው አንቺም አትብዪ፤ ሠርተሽ ግቢ» አሉኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በየዓመቱ ሁለት ወር ለሰርግ በር ዘግቼ የኖርኩት ማንም ሳይከለክለኝ ኖሯል! በራሴ በጣም ተናድጃለሁ፤ በራሴም በጣም ስቄአለሁ።

ስለዚህ ሁለት ባትሪ ይዤ እጀምራለሁ። ውርርዱ እንዳለ ነው፤ ምንም አላሻሽልም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፦ አዳማ ብዙ ጠጋኝ አለና የዚህ ዓይነት ባትሪ፣ ያገለገለም ቢሆን፣ ፈልግልኝ።

ሸዋጌጥ


አዳማ
መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

እውነቱን ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። የኬኔን ሰርግ በሰላም ማንሳትሽን ሰምቻለሁ፤ ለኦቦ ቀነዓ እንኳን ደስ ያለህ በዪልኝ። አንድ ብዬ ጽፌልሻለሁ።

ባትሪውን ፈለግኩት፤ የለም። የዚያ ዓይነት ከገበያ ጠፍቷል አሉኝ። ታላቅየውን አደራ ከሠላሳ በመቶ በታች እንዳታወርጂው፤ ያረጀ ባትሪ የሚያሳየው ቁጥር አይታመንም፤ አለኝ ያለውን ድንገት ይክዳል።

ልጆቹ ሰላም ብለውሻል። ለአንቺ የተዘጋጀውን ክፍል ቀለም አስቀብተናል፤ እምነት ነጭ ይሁን አለች።

ነብዩ


ነቀምቴ
ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድም ዓለም ነብዩ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አብሮ አደረሰን፤ ዘግይቼም ቢሆን። የክፍሉን ቀለም በደንብ ይድረቅ በለው፤ ለመድረቅ ጊዜ አለው። ሰባት ሞልቻለሁ! ሦስቱ በጾም፣ አራቱ ከፋሲካ ወዲህ። ሦስት ይቀሩኛል።

በስልክ «በአንድ ተኩል ባትሪ ሰርግ እንዴት ይነሳል» ብለህ ጠይቀሃል። ድሮ አንተም ስትረዳኝ የምታውቀው ያ ሰማይ ላይ ሲዞር መዋል ቀርቷል። ሰርግ ከላይ የሚያምረው ሦስት ጊዜ ብቻ መሆኑን የተረዳሁት ባትሪ ሲያጥረኝ ነው፦ ሙሽራዪቱ ከእናቷ ቤት ስትወጣ፣ ሰዉ በመንገድ ላይ ሲሰለፍ፣ ሙሽራው ደጅ ስትደርስ። ሌላውን በእጄ ካሜራ እሠራዋለሁ። ታናሹን ለጠዋት፣ ታላቅየውን ለከሰዓት። ጠዋት ብርድ ሲሆን ታናሹን እስኪነሳ ድረስ ብብቴ ውስጥ ይዤው እቆማለሁ፤ ሙቀት ሲያገኝ ሦስት ደቂቃ ይጨምርልኛል። ሰርገኛው ልቤን ያመመኝ እየመሰለው ወንበር ያቀርብልኛል። በእውነቱ ሥራዬ እንደ ዘንድሮ አምሮ አያውቅም። ሰው ቪዲዮውን አይቶ አሁን የተሻለ ካሜራ ገዛሽ ወይ ይለኛል።

ደግሞ ገጠር ስወጣ አልቸገርም ወይ ብለሃል። ፈቃዱ ከነማኅተሙ በእጄ ነው፤ ከወረዳው ሳላስመዘግብ የትም አላስነሳውም። የከበደው ወረቀቱ አይደለም። እዚህ አገር ሰማይ ላይ የሚያጉረመርም ነገር ሲሰማ ሰው ልጁን ወደ ቤት ይጠራል። ምክንያቱን አንተም ታውቀዋለህ፤ አልጽፈውም። ስለዚህ የራሴን ወግ አበጅቻለሁ። ከመነሳቱ በፊት ድሮኑን ለሙሽራዪቱ እናት አሸክማታለሁ፤ እሷ ይዛው በእንግዳው መሃል ትዞራለች፤ የፈለገ ይነካዋል፣ የፈለገ ያነሳዋል። ሁሉም ካየው በኋላ ነው የማስነሳው። አንድ ሰው እንኳ እንቢ ካለ አላስነሳም።

ባለፈው እሑድ ጉቶ ጊዳ አንድ ሰው እንቢ አለ። ቢረሳው ይባላል፤ በሰባ ሰባት ድርቅ ከወሎ በሰፈራ የመጣ ገበሬ ነው። «በኔ ጎጆ ላይ እማ አያልፍም፤ ድምጡን ልጅ ይፈራዋል» አለ። እሺ ብዬ ወደ ሳጥኑ ልመልሰው ስል «ቆይ እስቲ አምጪው» አለኝ። በሁለት እጁ ይዞ መዘነው፣ አገላበጠው። «ይችው ናት? ከዶሮም አትከብድ!» አለና ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ የራሱን ልጅ ሰርግ ግንቦት 24 እንዳነሳለት ቀጠረኝ። ያ ዐሥረኛው ነው።

ድምፅህ ሰሞኑን ተቀዛቅዞብኛል፤ ደብዳቤህም አጥሯል። መሸነፍ እንዲህ ከከበደህ ንገረኝ።

ሸዋጌጥ


ነቀምቴ
ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድም ዓለም ነብዩ፣

ዘጠኝ።

ትናንት በቢረሳው ልጅ ሰርግ ላይ ወደቀ። ሙሽራዪቱ የሙሽራው ደጅ ለመድረስ መቶ እርምጃ ሲቀራት ነው። ታላቅየው ሠላሳ ስምንት በመቶ ያሳየኝ ነበር፤ ዐይኔን ወደ ሰርገኛው አዙሬ ስመልስ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ወርዷል። ከአጥሩ ማዶ የታረሰ ማሳ ላይ ወረደ፤ መሬት ሲነካ ተገለበጠ። ሰው አልነካም፣ ከብት አልነካም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሁለት ክንፉ ተሰብሯል፤ መለዋወጫ አለኝ። የታላቅየው ነገር ግን አበቃ፤ ከመካከለኛው ጋር አሸዋ ውስጥ ገብቷል።

ዝናብ ጀማምሮ ስለነበር ነው፣ ብርዱ ነው፣ ልልህ እችል ነበር። አልልህም። አንዴ ከወደቀ ብያለሁ፤ ወድቋል። ለሰኔ 4 በኦቦ ባቻ አውቶቡስ ወንበር ይዣለሁ። የፎቶ ቤቱን ቤት ለአከራዩ እንደምለቅ ነግሬአለሁ። ለኑሪያ ስነግራት ጨርቁን እየለካች ነበር፤ ሜትሩን ጣለችው።

ከፍቶኛል። ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍ ታውቅብኛለህ። ግን ያዘንኩት አንተ ቤት ስለምመጣ አይደለም፤ ቤትህ ቤቴ ነው። አንድ ብቻ ቀርቶኝ ነበር፤ እሱ ነው ያንገበገበኝ።

ዋጋህን ከእነ ማስረጃው ትፈልግ ይሆናልና ከሜሞሪው ላይ ያለውን በፍላሽ ገልብጬ ልኬልሃለሁ። እኔ ለማየት አልጨከንኩም። ክንፉን ማዞር ያቃተው ባትሪ ካሜራውን ማብራት አላቃተውም፤ ሲወድቅም መቅዳቱን አላቆመም ነበር፤ አንተ እየው።

እኅትህ ሸዋጌጥ


አዳማ
ግንቦት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

ሰላምታውን ልዝለለው፤ ሰላም የለኝም።

ፍላሹን ሱቄ ውስጥ ከፈትኩት። ሲወርድ ያለውን አየሁ፤ ሲገለበጥም አየሁ። ካሜራው ወደ ላይ አንጋጦ ቀረ። ለጥቂት ጊዜ ደመና ብቻ ነው። ከዚያ የጥጃ አፍንጫ መጣ፤ አሽትቶት ሄደ። ከዚያ ሰው መምጣት ጀመረ።

መጀመሪያ የደረሱት ሚዜዎቹ ናቸው፤ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ። ሊያነሱት ሲሉ አንድ ሽማግሌ በከዘራው ከለከላቸውና ጋቢውን አውልቆ ዝናቡ እንዳያገኘው ከላይ ዘረጋበት። በደብዳቤሽ የጻፍሽልኝ ቢረሳው እሱ መሆን አለበት። ሁለት ሴቶች የጋቢውን ጫፍ ያዙለት። ኦቦ ቀነዓ ጎንበስ ብሎ የካሜራውን መስታወት በመሐረቡ ጠረገ፤ ፊቱ አጠገቤ ያለ ያህል ቀረበኝ፤ አርጅቷል። ከዚያ ሙሽራዪቱ መጣች። ሰልፉን ትታ፣ ቬሎዋን ሰብስባ ማሳው ውስጥ ገባች። ሰርገኛው ሁሉ ከኋላዋ ነው።

አንቺ በመጨረሻ ደረስሽ። አንዲት ሻርፕ የለበሰች ሴት ክንድሽን ይዛሻለች፤ ኑሪያ ናት መሰለኝ። ታለቅሺ ነበር። ድሮን ድምፅ አይቀዳም፤ እኔ ግን እዚያው አገር ያደግኩ ነኝና ከንፈራቸውን አነበብኩ። ኦቦ ቀነዓ «ጀባዹ» ይልሻል፣ አይዞሽ በርቺ። ሙሽራዪቱ አንገትሽ ላይ ተጠመጠመች። ቪዲዮውን እያቆምኩ ሰዉን ቆጠርኩት፤ ሠላሳ አንድ ነው። እኔ ነገ አዳማ መንገድ ላይ ብወድቅ ስሜን የሚያውቅ ሠላሳ አንድ ሰው አይሰበሰብልኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ ብቻሽን ነሽ እያልኩ የጨቀጨቅኩት ማንን ነው?

አሁን የእኔን ስሚ። ባትሪውን አግኝቼው ነበር። መጋቢት 24 ቀን፣ ከእኔ ሱቅ ሁለት በር አልፎ ያለ ጠጋኝ ጋ። ብዙም ያልሠራ፣ የደህና ደህና ነው። ገዛሁት፤ መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩት፤ «የለም» ብዬ ጻፍኩልሽ። ሁለት ወር ሙሉ በየሳምንቱ እያወጣሁ ስልሳ በመቶ መሆኑን አያለሁ፤ እመልሰዋለሁ። እንድትወድቂ አልተመኘሁም። እንድትመጪ ግን ተመኘሁ፤ ለምኞቴ ብዬ ዋሸሁሽ። ታላቅየው የከዳሽ እኔ ከከዳሁሽ በኋላ ነው። እምነት ስነግራት ሁለት ቀን አላናገረችኝም፤ ትክክል ናት።

ባትሪው ከዚህ ደብዳቤ ጋር በኦቦ ባቻ እጅ አለ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ከእንግዲህ ነይ አልልሽም፤ አትምጪም አልልሽም። ክፍሉ አለ። ሰኔ 4 ከሰዓት አውቶቡስ ተራ እቆማለሁ፤ የምትወርጂ እንደሆነ ሻንጣሽን እቀበላለሁ።

ወንድምሽ ነብዩ


ነቀምቴ
ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድም ዓለም ነብዩ፣

በመጀመሪያ ተናድጄብሃለሁ። ደብዳቤህን ሳነብ ስምህን ጠርቼ ጮኬአለሁ፤ ደንበኛ ተቀምጦ ነበር፤ ፎቶውን ፈገግታ ሳያሳይ ተነስቶ ሄደ። ዘጠኙን ሰርግ ባትሪ ብብቴ ውስጥ እያሞቅኩ፣ ደቂቃ እየቆጠርኩ ስሠራ አንተ መሳቢያህን ትቆልፋለህ? ያሳደግኩት ይህን ነው አልኩ። ለሁለት ቀን አልጻፍኩልህም፤ ስልክህንም ሆን ብዬ ነው ያላነሳሁት። ይህን ጊዜ ኔትወርኩ ንጹሕ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ቪዲዮውን አየሁት። ሳለቅስ ዐይኔ ምንም አላየም ነበር፤ ማን እንደያዘኝ እንኳ አላስታውስም። ጋቢው እስኪበሰብስ እንደያዙት ያየሁት አሁን ነው። እንዴት እንደማሳይህ ያላወቅኩትን ነገር እኔም አላውቀውም ኖሯል።

ይቅር ብዬሃለሁ። ፈርተህ ነው፤ ፍርሃትህንም የሰጠሁህ እኔ ነኝ፤ ልጅ ሳለህ ከደጅ ስትዘገይ ወገቤን ታጥቄ የምፈልግህ እኔ አልነበርኩም?

ውርርዱን በተመለከተ፣ የእኔ ድሮን ወድቋል፣ አንተ ደግሞ አጭበርብረሃል። ሁለታችንም ተረትተናል። አባታችን ቢኖር ኖሮ ይህን ፋይል ዝጉት፣ ወረቀት አታበላሹ ይለን ነበር። ስለዚህ የማደርገውን ለውርርድ ብዬ እንዳይመስልህ፤ ስለፈለግኩ ነው።

ባትሪው ሲደርሰኝ ስልሳ በመቶ ነበር፤ ለውሸታም ጥሩ ጠባቂ ነህ። ትናንት አዲሶቹን ክንፎች ገጥሜ ሞከርኩት፤ ሃያ አንድ ደቂቃ በረረ።

አሁን አውቶቡስ ተራ ቆመህ ይህን እያነበብክ መሆን አለበት። ደብዳቤውን የሰጠችህ ኑሪያ ናት። አዳማ የምትኖር እኅቷን ካየቻት አራት ዓመቷ ነው፤ በእኔ ወንበር ተቀምጣ ነው የመጣችው። መንገዱ አድክሟታል፤ ሻንጣዋን ተቀበላት፣ እቤት ውሰዳትና ምሳ አብላት፣ በነጩ ክፍል ትረፍ። በመስከረም እኔም እንግዳ ሆኜ እመጣለሁ፤ ለሁለት ሳምንት።

አከራዬ ቁልፉን መልሶልኛል። ቅዳሜ ሰርግ አለኝ።

እኅትህ ሸዋጌጥ